ከገደሉ ማዶ ያሉት ቋጠሮዎች

ሰውዬው የሸራ ቦርሳ በትከሻቸው አንጠልጥለው በሩ ላይ ሲቆሙ ስልክ ሊጠግኑ የመጡ መሰለኝ። የመዝገብ ክፍሉ ስልክ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ለጥገና ክፍሉ ሦስት ጊዜ አመልክተን ዛሬ ነገ ሲሉን ሰንብተዋል።

«ለስልኩ ነው የመጣሁት» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ና ተብዬ ነበር።»

«እንኳን መጡ፣ ስንጠብቅዎት ነበር» አልኳቸውና ጠረጴዛዬን ከግድግዳው ሳብኩላቸው።

መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ሊናገሩ ብለው ተዉት። ከዚያ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው አልታጠፈላቸውም፤ እንደ ዱላ ወደ ጎን ዘረጉት። ሽቦውን ከስልኩ ጀምረው በሁለት ጣቶቻቸው መካከል እያሳለፉ፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው፣ ግድግዳውን ተከትለው ተንፏቀቁ። መደርደሪያው ኋላ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አይጥ ናት» አሉ።

ከኪሳቸው ትንሽ ፒንሳ አወጡ። ሽቦውን ላጡት፣ ጠመዘዙት፣ ናስትሮ ጠይቀውኝ ጠቀለሉት። እጀታውን አንስተው ካዳመጡ በኋላ ለእኔ አቀበሉኝ። ስልኩ ነፍስ ዘርቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ብዬ የጥገና ቅጹን አቀረብኩ።

«መፈረሙን እፈርማለሁ ልጄ» አሉ ብዕሩን ተቀብለው። «ግን ሻለቃው የጠሩኝ ለቅዳሜው ዝግጅት ነው። የሜዳ ስልኩን ሽቦ ቀደም ብዬ እንዳየው።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። የግብዣውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ፋይላቸው ውስጥ ካለው የወጣትነት ፎቶ በቀር መልካቸውን አላውቅም፤ ከፎቶው ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የሞተ ስልክ አጠገብ ቆሜ ማውራት አልችልም። አመል ሆኖብኛል።»

አስጎብኚያችን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ምላሷ ማረፊያ የላትም። «ልናከብራቸው ጠርተን ሥራ አስገባናቸው» አለች። «የሚመጣው ወር እንግዳ አናጢ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የተሰበረውን መስኮት ማንም እንዳይነካው።»

ሰውዬው ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዴ ባለሽቦው እላቸው ጀመር። አፍ አውጥቼ ስጠራቸው ግን ጋሼ ነበር የምለው።

የምሠራው በጦር ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ድሮ የሠራዊቱ ዕቃ ግምጃ ቤት በነበረ ረጅም ሕንፃ ውስጥ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሁለት መድፎች ነው። ልጆች ይወጡባቸዋል፣ ወላጆች ፎቶ ያነሷቸዋል። እኔ ሥራውን የወደድኩት በመድፎቹ አይደለም። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ የምናዘጋጀው ነገር አለ፤ የባለ ዕቃው ቅዳሜ እንለዋለን። በዚያ ቀን አንድ ዕቃ ከመስታወት ሳጥኑ ይወጣል። ዕቃውን በጦርነቱ ጊዜ የሠራበት ሰው አጠገቡ ይቀመጥና ለጎብኚዎች ይናገራል። እኛ ሠራተኞቹ ያለ ጓንት አንነካውም፤ ባለ ዕቃው ግን በባዶ እጁ ይይዘዋል። ደንቡን ያወጡት የሙዚየሙ ኃላፊ ሻለቃው ናቸው። ለመቶ ሰው ያበስል የነበረ ወጥ ቤት ጭልፋውን ይዞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቁስለኛ ታመላልስ የነበረች ሾፌር የመኪናዋን መሪ ጨብጣ ሳታስበው በእግሯ ፍሬን ስትፈልግ አይቻለሁ። ጄኔራል መጥቶልን አያውቅም። ሻለቃው «ጄኔራሎች ሐውልት አላቸው» ይላሉ።

ለዚህ ወር የተመረጠው የሜዳ ስልክ ሽቦ ነበር፤ በእንጨት መጠቅለያ ላይ የተጠቀለለ አራት መቶ ሜትር ጥቁር ሽቦ። ባለሽቦውን ወደ አዳራሹ ወሰድኳቸው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን መግለጫ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «በሦስቱ ቀን ውጊያ ሳይቋረጥ ያገለገለ ሽቦ» ይላል።

«ሳይቋረጥ?» አሉና ከልባቸው ሳቁ። «በሰዓት አራት ጊዜ ነበር የሚቋረጠው። ባይቋረጥማ እኛን ማን ይቀልበን ነበር?»

ሥራቸውን ነገሩኝ። ማዘዣ ጣቢያው ወዲህ ነው፣ የፊት ምሽጉ ወዲያ፣ መካከላቸው ገደል አለ። ሽቦው መሬት ለመሬት ተዘርግቷል። መድፍ በወደቀ ቁጥር ይበጠሳል። መስመር ዘርጊው ሽቦውን በእጁ እያሳለፈ ይሮጣል፤ ቀና ማለት ስለማይቻል በዓይን አይፈለግም። የተበጠሰበት ጋ ሲደርስ ሌላውን ጫፍ በደረቱ እየተሳበ ይፈልጋል። ይቋጥረዋል፣ በናስትሮ ይጠቀልለዋል፣ የመሞከሪያውን ስልክ ሰክቶ «አለህ?» ይላል። ከወዲህ «አለሁ» ካሉት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካልመለሱለት ሳያገኘው ያለፈው ሌላ የተበጠሰ ቦታ ከኋላው አለ ማለት ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። መጠቅለያውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አወጡት። ጎኑ ላይ የተመታች ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች፤ በምስማር የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሏት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

«ሦስተኛው ጥቅል» አሉ። «ይህን የበሳሁት እኔ ነኝ። አንደኛው ከማዘዣው እስከ ቁልቁለቱ፣ ሁለተኛው እስከ ገደሉ። ይሄ ከገደሉ ማዶ ያለው ነው።»

ከዚያ መጠቅለያውን ወደ ሳጥኑ መለሱት።

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሽቦ አጠገብ ቅዳሜ አልቀመጥም። የኔ አይደለም። የሸረሪት ነው።»

ሸረሪት የሚሉት ጓደኛቸውን ነው። ቀጭን፣ እጅ እግሩ ረጅም፣ ዛፍ ላይ ሽቦ ሲሰቅል መሬት መውረድ የሚረሳ ልጅ ነበር። ስልክ ሲያነሳ «የድሩ ባለቤት ነኝ፣ ማን ልበል?» ይል ነበር፤ አንድ ቀን ኮሎኔል ገጥሞት ሦስት ቀን ጉድጓድ ቆፍሯል። ከቅጣቱ ሲመለስም «የድሩ ባለቤት ነኝ» ማለቱን አልተወም፤ «ጌታዬ» የሚል ጨመረበት እንጂ። መስመሩን የሚጠብቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ እኔ እግሬን ተመታሁ። ተሸክመው ማዘዣው ድንኳን ውስጥ፣ ስልኩ ሥር አስተኙኝ። እሱ ብቻውን ሄደ። ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እጄን ዘርግቼ አነሳሁት። «አለህ?» አለኝ። «አለሁ» አልኩት። ወዲያው አዛዡ ነጠቁኝና ለፊት ምሽጉ «ውጡ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጡ። መቶ አሥር ሰው በዚያ ትእዛዝ በሕይወት ወጣ። ሸረሪት ግን አልተመለሰም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጸሐፊው ወረቀቱን መሙላት ነበረበት። ከሁለታችን አንዱ ቆስሎ ተገኘ፣ አንዱ አልተገኘም። የተገኘው ጀግና ሆነ፣ ያልተገኘው ከዳተኛ፤ መስመሩንም ከመመታቴ በፊት የጠገንኩት እኔ ነኝ ተባለ። አራት ወር ሆስፒታል ተኝቼ ስነቃ ኒሻን ትራሴ ሥር አስቀምጠውልኛል። ድምፁን ሰምቻለሁ ብል ትኩሳት ነው የሚያናግርህ አሉኝ። ከዳንኩ በኋላም ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ማስረጃ አምጣ ነው መልሱ።»

የኋለኛው አዳራሻችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስም ነው፤ አገልግሎታቸው በክብር የተዘጋ ሰዎች ስም። ባለሽቦው የራሳቸውን ስም እዚያ አይተውታል። የሸረሪት የለም። በዓመት አንድ ቀን የመታሰቢያ ዝግጅት ሲደረግ ስማቸው ግድግዳው ላይ ላለ ሰዎች ቤተሰቦች የፊት ወንበር ይዘረጋል። የሸረሪት ታላቅ እህት ከተማው ውስጥ አለች፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው አሉኝ። በየዓመቱ ትመጣለች። ከአጥሩ ውጪ ቆማ ስሞቹ ተነበው ሲያልቁ ትሄዳለች።

ወደ መዝገብ ክፍል ተመልሼ የሸረሪትን ፋይል አወጣሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለች፤ «በሦስተኛው ቀን ንጋት ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀት ወለምታ ደግሞ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ሠላሳ አምስት ዓመት ይደነድናል።

ስመለስ ባለሽቦው መጠቅለያው ላይ አጎንብሰው ላይኛውን ንብብር እየዳሰሱ ነበር።

«አንድ ነገር ትዝ አለኝ» አሉ። «ናስትሮው በሁለተኛው ቀን ማታ አለቀብን። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ከሐኪሙ ረዳት አንድ ጥቅል የቁስል ፕላስተር ለመንኩ፤ ነጩን። እሱን ለሸረሪት ሰጠሁት። እኔ አንድም ቋጠሮ በፕላስተር አልጠቀለልኩም፤ ወዲያው ነው የተመታሁት። እንግዲህ ከገደሉ ማዶ ነጭ ፕላስተር ካለ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ እሱ እዚያ ነበር ማለት ነው። ጥሎ የሄደ ሰው ሽቦ አይጠግንም።»

«ቋጠሮው የማን እንደሆነስ ይታወቃል?»

«የሱ ይታወቃል። ግራ እጅ ነው። እኔ ስጠመዝዝ ወደዚህ ይዞራል፤ እሱ ሲጠመዝዝ ወደዚያ። ሰው የጻፈውን እንደምታውቂው ነው።»

ጣታቸው ከሽቦው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብለው አዩት። ቋጠሮው ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነበር። ባዶውን ነበር፤ ናስትሮም ፕላስተርም የለበትም።

ረጅም ጊዜ አዩት። «እጁ ነው» አሉ። «ግን ባዶ ነው። ባዶ ደግሞ የቱም ቀን ሊሆን ይችላል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሻለቃውን ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

ቦርሳቸውን አንስተው በዚያ በማይታጠፍ እግራቸው ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። እኔ ጓንቴን እንዳደረግሁ ቆሜያለሁ። ቋጠሮው ለምን ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከስምንት ወር በፊት ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ዕቃ ይህ ሽቦ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ በዚያ ሽቦ ላይ ላሳይ ፈለግሁ። ከላይኛው ንብብር ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ያደፈች፣ የምትጣበቅ ነጭ ነገር ነበረች። የዕቃ ግምጃ ቤት ሰዎች በኋላ የለጠፏት መሰለኝ። በመድኃኒት አረጠብኳት፣ በወረንጦ አነሳኋት፣ ሽቦውን አጸዳሁት። ሻለቃው ሲያዩት «እጅሽ ንጹሕ ነው» ብለውኝ ለሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ባለሽቦው ኮሪደሩን አጋመሱ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ አሰብኩትም።

«ጋሼ» አልኩ። አልሰሙኝምና ደገምኩት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ዞር አሉ። «ምኑን?»

«ፕላስተሩን። ቆሻሻ መስሎኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «የት አደረግሽው?» ብቻ አሉ።

ደንባችን ከዕቃ ላይ የተነሳ ነገር ሁሉ ይቀመጣል ይላል። የምዝገባ ካርዱንና ከኋላው የተያያዘችውን ትንሽ ፖስታ አመጣሁ። ካርዱ ላይ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ፤ «ከላይኛው ንብብር፣ ከጫፉ ሦስት ሜትር ገባ ብሎ፣ በኋላ የተለጠፈ የቁስል ፕላስተር አንድ ቁራጭ ተነሥቷል።» ባለሽቦው ፖስታውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው አዩ። ከዚያ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ጥሩ ጽፈሻል» አሉ። «ያ ጸሐፊ እንዳንቺ ቢጽፍ ኖሮ።»

በማግሥቱ ረቡዕ ሻለቃው ቢሮ ገባን። ሻለቃው ጠረጴዛቸው ላይ እርሳስ እንኳ ሳይቀር በመስመር ነው የሚቀመጠው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። ካርዱን አዩ፣ ፖስታውን አዩ።

«አምናችኋለሁ» አሉ። «የመዝገብ ኮሚቴው ግን እኔን አይደለም። አንቺው አነሣሽው፣ አንቺው ፖስታ ውስጥ ከተትሽው፣ አንቺው ማስረጃ ብለሽ ታቀርቢያለሽ። አንድ ቁራጭ ፕላስተር ውሃ አያነሳም።»

«ውስጥ ሌላ ሊኖር ይችላል» አሉ ባለሽቦው።

«እሱን ለማየት ሽቦውን መፍታት ነው። ያረጀ ጎማ ነው ጋሼ፤ ሲፈታ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ለዕቃው ኃላፊነት አለብኝ።»

እዚያ ቢሮ ውስጥ «እሺ» እና «ይቅርታ» ከማለት አልፌ አላውቅም። በዚያ ጠዋት ግን የሸረሪት ፋይል ጭኔ ላይ ነበር።

«ሻለቃ፣ በየቅዳሜው ለጎብኚው አንድ ነገር ይላሉ። ዕቃው የሚከበረው በሰው እጅ ስላገለገለ ነው ይላሉ» አልኩ። «ይህ ሽቦ ቢፈረፈር በእኔ ስም ይጻፍ። ሳይፈታ ቢቀመጥ ግን ሳጥን ውስጥ የምንጠብቀው ምኑን እንደሆነ አላውቅም።»

ሻለቃው ከመመለሳቸው በፊት ባለሽቦው ጣልቃ ገቡ።

«ጎማው አይፈረፈርም» አሉ። «ብርድ ላይ ከፈታችሁት ይሰበራል። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ብናስቀምጠው፣ ከዚያ ሳንጎትት መጠቅለያውን ራሱን እያዞርን ብንሄድ ይለሰልሳል። ክረምት ላይ እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ ፀሐይ ስናጣ ብብታችን ውስጥ።»

ሻለቃው እርሳሳቸውን አንስተው ጻፉ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል። ወረቀቱን ለእኔ ሲሰጡኝ «በስምሽ አይጻፍም» አሉ። «እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ሐሙስ ጠዋት ሽቦው ከመድፎቹ አጠገብ በነጭ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አረፈደ። ዘበኛው ከጎኑ ወንበር አድርጎ ጠበቀው። «ሰው ሲሞቅ አይቻለሁ፣ ሽቦ ሲሞቅ ግን» እያለ ለመጣው ሁሉ ይናገር ነበር። አራት ሰዓት ላይ ወደ ረጅሙ ኮሪደር አስገባነው። ኮሪደሩ አርባ ሜትር ነው፤ ወለሉን በንጹሕ ወረቀት አልብሰነዋል። አስጎብኚዋና ዘበኛው መጠቅለያውን ግራና ቀኝ ይዘው እያዞሩ ቀስ ብለው ሄዱ። ባለሽቦው ከኋላቸው ሽቦውን በባዶ ጣታቸው እያሳለፉ ተከተሉ። እኔ መለኪያና ካርድ ይዣለሁ። ሻለቃው ካሜራውን ራሳቸው ያዙ።

የሽቦው ላይኛ ጫፍ የፊት ምሽጉ ጫፍ ነው፤ ከውጊያው በኋላ የሰበሰቡት ሰዎች ከገደሉ ጀምረው ስለጠቀለሉት። ስለዚህ እኛ የሄድነው ወደ ኋላ ነበር፤ ሸረሪት ከደረሰበት ወደ ተነሳበት።

የመጀመሪያው ያ ባዶው ቋጠሮ ነው። ከዚያ ስድስት ሜትር ያህል ሄድን። ባለሽቦው ቆሙ።

«ግራ» አሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል። «ተጠቅልሏል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያደፈ ነጭ ፕላስተር ነበር። ለካሁት፤ አንድ ሴንቲ ተኩል። ሻለቃው ፎቶ አነሱ። አስጎብኚዋ ምንም አላለችም፤ እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ነው።

ቀጠልን። በናስትሮ የተጠቀለሉ ብዙ የቆዩ ቋጠሮዎች አሉ፤ «ይሄ የኔ፣ የመጀመሪያው ቀን»፣ «ይሄ የሱ፣ ዛፉ ሥር»፣ ይላሉ ባለሽቦው፣ ሳይቆሙ። እግራቸው እንደደከመ ይታየኛል፤ ወንበር ብናቀርብላቸው እምቢ አሉ። ነጭ ፕላስተር ያለባቸው ጋ ሲደርሱ ብቻ ይቆማሉ። ሦስተኛው ሁለት ሴንቲ ነበር። አራተኛው ሁለት ተኩል። አምስተኛው አራት። ሁሉም ወደ ግራ።

የቁጥሩ ነገር የገባቸው መጀመሪያ ሻለቃው ናቸው። ካርዱን ከእጄ ወስደው ቁልቁል አዩት።

«ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ፕላስተሩ ይረዝማል» አሉ።

«ከገደሉ ሲነሳ ጥቅሉ ሙሉ ነበር» አሉ ባለሽቦው። «እየሄደ ሲመጣ እያለቀበት፣ እየቆጠበ።»

ኮሪደሩን አሥር ጊዜ ተመላለስን። የመጨረሻው፣ ለገደሉ የቀረበው፣ ቋጠሮው ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመ አሥራ አንድ ሴንቲ ፕላስተር ነበር፤ ገና ብዙ አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው አጠቃለል። እኔ ያነሳኋትን ጨምሮ ዘጠኝ ሆኑ። የእኔ ከሁሉም ታንሳለች። ያቺ ጥፍር የምታህል ቁራጭ የጥቅሉ ጫፍ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም፣ ስልኩ ግን ጮኋል። ከዚያ ወዲያ የት እንደወደቀ ሽቦው አይናገርም።

ሻለቃው ካሜራውን ለዘበኛው ሰጡ። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆለፉ፤ ኮሪደሩ ላይ በተዘረጋው ሽቦ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያዘዘን ሰው የለም፤ ሁላችንም ቆምን። ባለሽቦው ብቻ ተቀመጡ፣ ወለሉ ላይ፣ ያን እግራቸውን ዘርግተው።

«ዘጠኝ» አሉ። «እኔ ሦስት አራት ነበር የምለው። በአንድ ጠዋት፣ በዚያ እሳት ውስጥ፣ ዘጠኝ። አይ ሸረሪት።»

ዓርብ ከሰዓት እህትየውን ፍለጋ ሆስፒታሉ ሄድኩ። የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ እስከ ደረታቸው የሚደርስ ነጭ ክምር ነበር። ስሜንና ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«የመታሰቢያው ቀን ደረሰ እንዴ?» አሉ።

«አይደለም እትዬ። ነገ በወንድምዎ ስም ዝግጅት አለን።»

አንሶላውን አራት ማዕዘን አድርገው አጠፉት፣ በመዳፋቸው ዳመጡት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እኔ ፕላስተሩን ማንሳቴንም ጭምር። አጠፋፋቸው ቀስ አለ እንጂ አልቆመም።

«በግራ እጁ ስለሚጽፍ መምህሩ ይገርፈው ነበር» አሉ ሲቆይ። «እናታችን እጁን በጨርቅ ታስረው ነበር፣ ቀኙን እንዲለምድ። ሌሊት ፈትቼለት እተኛለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ የምመጣው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ በሩ?»

«ውስጥ። ከፊት ወንበር።»

«ሠላሳ ዓመት ቆሜ ፀሐዩን ለምጄዋለሁ» አሉ። «መቀመጡን እንግዲህ እለምደዋለሁ።» ከዚያ የክምሩን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ገፉት። «ቆመሽ ከምታይኝ ያዢልኝ።»

ክምሩ እስኪያልቅ አብረን አጠፍን።

ስሙን ግድግዳው ላይ ማስቀረጽ የኮሚቴው ሥልጣን ነው፤ ቅዳሜው ግን የሻለቃው ነው። መግለጫውን እኔ ቀየርኩ፣ ሽቦውም ረጅም ጠረጴዛ ላይ እየተመላለሰ ተዘርግቶ ስድስት መቶ ሰው ሲያየው ዋለ። ባለሽቦው ቀኑን ሙሉ ቆመው ለጎብኚው ቋጠሮዎቹን በየተራ አሳዩ። ስለ ራሳቸው የተናገሩት ፕላስተሩን ለምነው መስጠታቸውን ብቻ ነው። እህትየው በዋናው በር ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ባዶ እጃቸውን ሽቦው ላይ እንዲያደርጉ ሻለቃው ጋበዟቸው፤ አደረጉም። ሻለቃው የሸረሪትን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ካነበቡ በኋላ «መስመር ዘርጊ» ብለው ጨረሱ።

ኮሚቴው ዘጠኙን ፎቶዎች፣ የእኔን ካርድና የሦስቱን ምስክሮች ቃል ይዞ በሰባተኛው ሳምንት ተሰበሰበ። «ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል» የሚለውን ሰርዞ «በሥራ ላይ ሳለ ወድቋል» ብሎ ጻፈ። ቀራጩ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ስሙን ግድግዳው ላይ ቀረጸ፤ እኔም በዚያው ዕለት የምዝገባ ካርዱን አረምኩ፤ «በኋላ የተለጠፈ» የሚለውን ሰርዤ «በሦስተኛው ቀን የተጠቀለለ» ብዬ ጻፍኩ።